ዶሮን ከዕርድ በፊት የማደንዘዝ ውጤታማነት ግምገማ

ዶሮን ከዕርድ በፊት የማደንዘዝ ውጤታማነት ግምገማ ዶሮዋ ቢላው ሲያርፍባት በእርግጥ ራሷን ስታ እንደነበረ በሚታዩ ምልክቶች የሚጣራበት አሠራር ነው። እዚህ ላይ ማደንዘዝ ሲባል መድኃኒት መውጋት ሳይሆን በኤሌክትሪክ፣ በጋዝ ወይም ጭንቅላትን በመምታት ንቃትን ማጥፋት ነው።

በብዙ የውጭ አገር ቄራዎች ዶሮዎቹ በእግራቸው ተንጠልጥለው ጭንቅላታቸው ኤሌክትሪክ ባለው የውሃ ገንዳ ውስጥ ያልፋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣውና ከ2013 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ ቁጥር 1099 ለእያንዳንዷ ዶሮ ቢያንስ ለ4 ሰከንድ ማለፍ ያለበትን ጅረት ይወስናል፦ ድግግሞሹ ከ200 ኸርዝ በታች ከሆነ 100 ሚሊአምፔር፣ እስከ 400 ኸርዝ 150፣ እስከ 1500 ኸርዝ ደግሞ 200። ይሁንና መለኪያው የሚያሳየው የሁሉንም ድምር ነው። ዶሮዎቹ በገንዳው ውስጥ በትይዩ የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ከሚበቃት በላይ፣ ጎረቤቷ ደግሞ ከሚበቃት በታች ልታገኝ ትችላለች። እንደ ሐበሻ ዶሮ መጠናቸው የተለያየ ከሆነማ የትንሿ ጭንቅላት ውሃውን ጭራሽ ላይነካ ይችላል። ስለዚህ መለኪያውን ማንበብ ዶሮዋን ማየትን አይተካም።

== ምልክቶች ==
በኤሌክትሪክ በደንብ የደነዘዘች ዶሮ ከገንዳው ስትወጣ ሰውነቷ ይገተራል፣ አንገቷ እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ ክንፎቿ ጎኗ ላይ ተጣብቀው ይንቀጠቀጣሉ፤ ዓይኗ ተከፍቶ ይቀራል። በሆዷ ላይ ምት ያለው ትንፋሽ ከታየ፣ ሳትነካ ዓይኗን ካርገበገበች ወይም ከጮኸች ግን ወዲያውኑ እንደገና መደንዘዝ አለባት። ዓይኗ ሲነካ መርገብገቧ ብቻውን ነቅታለች አያሰኝም፤ አለመርገብገቧ ግን ራሷን ለመሳቷ ጠንካራ ማስረጃ ነው። መንፈራገጥ ብዙ ሰው ያሳስታል፦ ጭንቅላቷ የተቆረጠ ዶሮም ትንፈራገጣለች፤ ይህ የሚመጣው ከአከርካሪ ነርቭ እንጂ ከአንጎል አይደለም።

== በኢትዮጵያ ==
በኢትዮጵያ አብዛኛው ዶሮ የሚታረደው ቤት ውስጥ፣ በቢላ፣ ሳይደነዝዝ ነው። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የለጋምቦ ወረዳ ከተማ አቀስታን በመሰሉ የደቡብ ወሎ ከተሞች ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፤ በጉርብትና ቢኖሩም በልማድ አንዱ የሌላውን ዕርድ አይበላም። የአውሮፓው ደንብም ለሃይማኖታዊ ዕርድ ልዩ ፈቃድ ይሰጣል።

በእስልምና ዶሮዋ ስትታረድ በሕይወት መኖር ስላለባት፣ ማደንዘዝን የሚቀበሉ ሊቃውንት ባትታረድ ኖሮ ትነቃ እንደነበር መረጋገጥ አለበት ይላሉ፤ ጨርሶ የማይቀበሉትም አሉ። በኢትዮጵያ መስመር ላይ ያለው 50 ኸርዝ ልብን ሊያቆም ይችላል። ድግግሞሹ ሲጨምር ልብ ይተርፋል፤ ነገር ግን ድንዛዜው ስለሚሳሳ ጅረቱን ከፍ ማድረግና ዶሮዎቹን ይበልጥ በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል።

ሳትደነዝዝ የታረደች ዶሮ ንቃቷን የምታጣው ቀስ በቀስ ነው። ይህም ቢላው ስለት ያለው መሆኑና በአንገቷ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱም ዋና የደም ሥሮች በአንድ ጊዜ መቆረጣቸው ላይ ይመሠረታል። አንዱ ከተረፈ አንጎሏ ደም ማግኘቱን ይቀጥላል፤ ትንፋሿና ዓይኗ መታየት ያለባቸው ወደ ፈላ ውሃው ከመግባቷ በፊት ነው።