የመንዝ ጎተራና የጓሳ ክዳኑ

የመንዝ ደጋ ገበሬ ጎተራው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚያየው ክዳኑን ነው። ግድግዳው ቢሰነጠቅ ጭቃ ይመረግበታል፤ እግሩ ቢያዘነብል ድንጋይ ይደገፍበታል። ክዳኑ ማፍሰስ ከጀመረ ግን የዓመቱ ገብስ አደጋ ላይ ነው። እርጥበት የነካው እህል ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ይበቅላል። ለምግብም ለዘርም ሳይሆን ይቀራል።

ጎተራውን ለማወቅ የቆመበትን አገር ማወቅ ይጠይቃል። ጓሳ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በመንዝ ጌራ ምድር የሚገኝ አምባ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። የዓመቱ አማካይ ሙቀት 11 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሲሆን ዝናቡ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ይህ ብርድ ለእህል አንድ ትልቅ ውለታ ይውላል። በቆላና በወይና ደጋ ጎተራ ባዶ የሚያደርገው ነቀዝ፣ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ መራባቱን ያቆማል ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው የመርሐቤቴ ቆላ ገበሬ ነቀዝ እንዴት ልከላከል እያለ ሲጨነቅ፣ ሽቅብ ወደ ጓሳ ዙሪያ ያለው ገበሬ ሐሳቡ ወደ ዝናብና ወደ አይጥ የሚሄደው። የደጋ ጎተራ አሠራር ሁሉ የሚነሣው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ጎታ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ስለሆነ ጣራ አያስፈልገውም፤ የቤቱ ጣራ ይበቃዋል። ጎተራ ግን ግቢ ውስጥ ለብቻው የሚቆም፣ የራሱ እግር፣ የራሱ ግድግዳና የራሱ ክዳን ያለው ትንሽ ቤት ነው። ብዙውን ጊዜ አካሉ ክብ ሆኖ ከቀጫጭን እንጨት ይጎነጎናል፤ ከውስጥም ከውጭም እበትና ጭድ ገብቶበት በተቦካ ጭቃ ይመረጋል። ከታች በኩል እህሉ የሚወጣበት፣ በውታፍ የሚዘጋ ቀዳዳ ይተውለታል። ይህች ቀዳዳ ቀላል ነገር አይደለችም። እህል ከላይ ገብቶ ከታች ሲወጣ የቆየው መጀመሪያ ይበላል፤ አሮጌው ከአዲሱ ሥር ተቀብሮ አይበላሽም።

እግሩ የአይጥ ነገር ነው። ጎተራው መሬት ላይ አይቀመጥም፤ በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ላይ በተረበረበ አልጋ ላይ ይቆማል። አየር ከሥሩ ይነፍሳል፣ የጎርፍ ውሃ ከሥሩ ያልፋል፣ አይጥም በቀላሉ አይደርስም። ይህን ዘዴ ገበሬ በየአገሩ አግኝቶታል። በሰሜን ምዕራብ ስፔን በጋሊሲያ ገበሬዎች ኦሬዮ የሚሉት የእህል ማስቀመጫ አላቸው። በድንጋይ እግሮች ላይ ይቆምና በእያንዳንዱ እግር አናት ላይ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጋደምለታል፤ እግሩን ታክኮ የወጣ አይጥ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር ሲደርስ መሻገር ያቅተዋል። አዲስ ጎተራ ለሚሠራ የመንዝ ገበሬም ይህ ጥሩ ምክር ነው፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ በመንዝ አይጠፋም።

አሮጌው የሚፈርሰው ጎተራው ባዶ በሆነበት በበጋ ነው። ሥራው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። መጀመሪያ ጉልላቱ ይነሣል፣ ቀጥሎ የክዳኑ ሣር ይገፈፋል፣ ከዚያ ማገሩና ወራጁ ይፈታል፣ በመጨረሻ ግድግዳው ይፈርሳል። ትንሽ ጎተራ ከሆነ ክዳኑን ጎረቤት ተረዳድቶ እንዳለ አንሥቶ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። ከአሮጌ ጎተራ የሚጣል ነገር የለም ማለት ይቻላል። የበሰበሰው ሣር ለከብት ጉዝጓዝ ወይም ለፍግ ይሆናል። እበት ያለበት የግድግዳ ጭቃ ተፈርፍሮ የጓሮ ማሳ ያዳብራል። ያልበሰበሰ ወራጅ ለአዲሱ ይመረጣል፤ የቀረው ይማገዳል። ዛፍ በሚያጥርበት በመንዝ እንጨት ማባከን ነውር ነው። እዚህ አገር ቤት በድንጋይ የሚሠራውም ድንጋዩ በእጅ ስላለና እንጨቱ ስለሌለ ነው።

ከማፍረሱ ይልቅ ቦታውን ማጽዳቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሮጌ እህል ያለበት አፈር ተጠርጎ ካልወጣ፣ የአይጥ ጉድጓድም ካልተደፈነ፣ አዲሱ ጎተራ ከአሮጌው ጠላት ጋር ይወለዳል። ብዙ ሰው የሚቸኩለው ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ነው። አዲስ የተመረገ ግድግዳ ከላይ ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን በደጋ ብርድ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል። እርጥብ ግድግዳ ውስጥ የገባ ደረቅ ገብስ እርጥበቱን ይጠጣል። ስንዴና ገብስ በደኅና ለመቆየት የውሃ ይዘታቸው ከመቶ 13 እጅ ገደማ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ገበሬው መለኪያ ባይኖረውም ጥርስ አለው፤ ፍሬው ሲነከስ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል፣ ከተላመጠ ፀሐይ ይቀረዋል።

አሁን ወደ ክዳኑ እንመለስ። ለጓሳ አምባ ስሙን የሰጠው ሣር ጓሳ፣ ቅጠሉ ቀጭን፣ ረዥምና ጠንካራ ነው። በየጉብታው ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል። ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛ ከዝናብ የሚከለልበት ገሳ ይሠራበታል፣ ከሁሉ በላይ ግን ቤትና ጎተራ ይከደንበታል። የበሰለ ጓሳ በማጭድ ታጭዶ፣ ደርቆና በነዶ ታስሮ ይመጣል። ከዳኙ ከክፈፉ ጀምሮ ወደ ጉልላቱ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ንብር የበታቹን ማሰሪያ ይሸፍናል። ጣራው ቀጥ ብሎ ከተተከለ ዝናቡ ከሣር ወደ ሣር እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ የሚረጥበው የላይኛው ንብር ብቻ ነው። ከእህሉ የሚወጣ ትንፋሽም በሣሩ መሐል ያልፋል። ከገብስ ገለባ ከተሠራ ክዳን ይልቅ የጓሳ ክዳን ብዙ ዓመት ይቆያል።

ይህን ሣር ግን ማንም በፈለገው ቀን ሄዶ አያጭድም ነበር፤ የመንዝን ጎተራ ከሌላ አገር ጎተራ የሚለየው ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ባህሉ እንደሚለው፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች አገሩን ተካፈሉ፤ የጓሳንም መሬት ለሣር ከልለው ለዘሮቻቸው አወረሱት። አጠባበቁ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበረው። ከየወገኑ አለቃ ይመረጣል፤ አምባው ለእርሻም ለግጦሽም ለአጨዳም ይዘጋል። መዘጋቱ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘልቃል። ሣሩ በስሎ ሲታይ የሚከፈትበት ቀን ተቆርጦ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ቦታ ይነገራል። ሕዝቡ በበጋ ማጭድ ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ ለክዳን የሚሆነው ይታጨዳል፣ ከዚያ ከብት ይገባል። ክረምቱ ሲገባ፣ ሐምሌ 5 ቀን የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል አካባቢ፣ አምባው ተመልሶ ይዘጋ ነበር።

እንግዲህ የአንድ ገበሬ ጎተራ የሚታደስበት ዓመት በአምባው መከፈት ይወሰን ነበር ማለት ነው። ክዳኑ ቀድሞ ያረጀበት ሰው በገለባ ጠጋግኖ ይቆያል። መጠበቅ ከባድ ነው። ነገር ግን የመጠበቁ ኃይል ከዚያው ይመጣል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ክዳን የሚፈልግ ሰው ዛሬ ሌሊት ሣር የሚሰርቀውን ለመያዝ ምክንያት አለው። የጓሳ ጠባቂዎች የጎተራና የቤት ባለቤቶች ሁሉ ነበሩ። ለቁጥቋጦው፣ ለጅብራው፣ ለጭላዳ መንጋውና በመላው ኢትዮጵያ ቁጥሩ ከ500 በታች ለሆነው ቀይ ቀበሮ ከለላ የሆናቸው ይህ ጥበቃ ነው። ቀይ ቀበሮው የሚያድነው በዚያው ሣር ውስጥ የሚኖረውን የዱር አይጥና ፍልፈል ነው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ መሬት ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስበት የርስት ሥርዓት ቀረ፤ በእሱ ላይ የቆመው ቄሮም አብሮ ወደቀ። ያለ ጠባቂ የቀረው ሣር ሳይበስል የሚታጨድበትና ከብት ያለ ወቅቱ የሚገባበት ጊዜ መጣ። በኋላ ዙሪያውን ያሉት ቀበሌዎች ኮሚቴ መርጠው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው እንደገና አምባውን መጠበቅ ያዙ፤ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ይታወቃል። አባቶቻቸው የተዉላቸውን ሥራ በራሳቸው ፈቃድ መልሰው መሸከማቸውን ሳስብ ለመንዝ ሰዎች ያለኝ ክብር ይጨምራል።

አሁን በሣሩ ቦታ ቆርቆሮ እየገባ ነው። ቆርቆሮ የአምባውን መከፈት አይጠብቅም፣ እንደ ሣሩም በየጊዜው መታደስ አያስፈልገውም፤ ገበሬው ቢመርጠው አይፈረድበትም። ለመኖሪያ ቤት ምክንያቱ ይገባኛል። ለጎተራ ግን ሣሩን ባይተዉት እመርጣለሁ። አንደኛ፣ ሣር የሚፈልግ ሰው በቀነሰ ቁጥር አምባውን የሚጠብቅ ሰው ይቀንሳል። ሁለተኛው የእህሉ ጉዳይ ነው። ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ በጓሳ ሌሊት ደግሞ ክፉኛ ይቀዘቅዛል። ከእህሉ የወጣው ትንፋሽ ወደ ላይ ሲወጣ የቀዘቀዘውን ብረት ነክቶ ጠብ ጠብ ይላል፤ የጎተራው ክዳን ምንም ሳያፈስ የላይኛው እህል ይረጥባል።

በቆርቆሮ ለመክደን የወሰነ ገበሬ ይህን በቀላሉ ሊከላከለው ይችላል። ከቆርቆሮው ሥር አንድ ንብር ጓሳ ያንጥፍ፤ ጠብታው እዚያው ይቀራል። በግድግዳው አናትና በክዳኑ መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተው፤ አይጥ እንዳይገባበት ደግሞ ዓይኑ በጠበበ የሽቦ መረብ ይዝጋው። ክፈፉን አስረዝሞ ጠብታው ከግድግዳው ርቆ እንዲወርድ ያድርግ፤ የጭቃ ግድግዳ የሚበላው ከሰማይ በሚወርደው ዝናብ ብቻ ሳይሆን ከመሬት ላይ በሚፈናጠረውም ነው። እህሉን ከመጨመሩ በፊትም ግድግዳውን ከውስጥ በኩል በእጁ ይዳብሰው፤ ከቀዘቀዘና እርጥበት ከተሰማው ገብሱ በአቁማዳ ሆኖ ቤት ውስጥ ጥቂት ሳምንት ይቆይ።