ሽንኩርቱ አይጠብቅም፣ ማሾው ይጠብቃል
የሬዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም፦ ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ

(ድምፅ፦ ከሩቅ የውሃ ፓምፕ፤ ቀረብ ብሎ ሽንኩርት ወደ ጆንያ ሲገባ፤ የሞባይል ጥሪ)

ተራኪ፦
ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ዋሻውን ካለፈ በኋላ ደብረ ሲናን ይዞ ቁልቁል ነው። ብርድ ፈርቶ ጃኬት የደረበ ተሳፋሪ ሸዋ ሮቢት ሳይደርስ ያወልቀዋል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ወለል በላይ ደግሞ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፤ የይፋት ቆላ፣ ቀወት ወረዳ። ከመንዝና ከጣርማበር ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች ወደ አዋሽ ከመግባታቸው በፊት እዚህ የሽንኩርትና የቲማቲም፣ የማንጎና የፓፓያ ማሳ ያጠጣሉ። በዝናብ የሚዘራው ጤፍ፣ ማሽላና ማሾ ነው።

ግብርናና ቴክኖሎጂ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ወሬው የሚጀምረው ከአዲስ አበባ አዳራሽ፣ ከአንድ አዲስ አፕ ምረቃ ነው። እኛ ከአንድ የስልክ ጥሪ እንጀምር።

የካቲት ነው። የሽንኩርቱ ቅጠል አንገቱ ላይ ታጥፎ ተኝቷል፤ ውሃው ተቋርጧል፤ የቀን ሠራተኞች ገብተዋል። ገበሬው ላብ እንዳይገባበት በፌስታል የጠቀለለውን በተን ስልክ ከኪሱ ያወጣና ይደውላል። ወይም ካርድ ከሌለው ሚስኮል ያደርጋል፤ ደላላው መልሶ ይደውልለታል። ንግግሩ በየማሳው ያው ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩም ሰላም አባቴ፣ እንዴት አደሩ? ልጆቹ ሰላም ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ስንት ገባ?»

«ገበያው ቀዝቅዟል አባቴ። ማታ ብዙ መኪና ገብቷል። ከመቂም ጭነው መጥተዋል። ቢሆንም ለእርስዎ እንሞክራለን።»

«ትናንት እኮ እንደዚህ አላልከኝም።»

«ትናንት ትናንት ነው አባቴ። ነቅለዋል?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ ልብ በሉ። ደላላው ማወቅ የሚፈልገው ሽንኩርቱ ከመሬት መውጣት አለመውጣቱን ነው። «አልነቀልኩም» የሚል ገበሬ ሁለት ሦስት ቀን መታገሥ ይችላል፤ ይከራከራል። «ነቅያለሁ» ካለ፣ ነገ ሙቀቱ ውስጥ ምን እንደሚደርስበት ሁለቱም ያውቁታል። እዚያው በሚያቃጥል ፀሐይ ሥር፣ መጋዘን በሌለበት፣ በጆንያ የታጨቀ ሽንኩርት መላብ ይጀምራል፤ ከላብ በኋላ ሽታ፣ ከሽታ በኋላ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ጨዋታ የገባው ገበሬ ቢነቅልም «ገና ነኝ» ይላል። ደላላውም ይህን ስለሚያውቅ ማሳው አጠገብ ላለ ሌላ ሰው ደውሎ ያጣራል።

(ድምፅ፦ የአይሱዙ ሞተር ሲነሣ፤ «ሂድ፣ ሂድ፣ ቀኝ ያዝ!»)

ተራኪ፦
ጭነቱ ወደ ማታ ነው። አይሱዙዋ ሌሊቱን ጣርማበርን ወጥታ ሳይነጋ አዲስ አበባ ትደርሳለች። መድረሻዋ ለብዙ ዘመን ፒያሳ፣ አትክልት ተራ ነበር። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲመጣ ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፣ ቀጥሎ በ2013 ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ። የአገሪቱ ትልቁ የአትክልት ገበያ በወራት ልዩነት ሁለት ጊዜ ቦታ ሲቀይር ሥራው ያልቆመው የነጋዴውና የደላላው ስልክ ቁጥር ስላልተቀየረ ነው። ገበያው ያለው ስልኩ ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል።

የስልኩ ጥቅም ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። የሸዋ ሮቢት ገበሬ የአዲስ አበባን ዋጋ ከልጁ፣ ከእኅቱ ልጅ፣ ከሾፌሩ መስማት ይችላል፤ ይሰማልም። ያወቀውን ዋጋ ግን ማግኘት አይችልም፤ መኪናው የሌላ ሰው ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ጭነቱን የሚቀበለውም ሌላ ሰው ነው።

በምርምር ዓለም ብዙ የሚጠቀስ አንድ ጥናት አለ። ሮበርት ጄንሰን የተባለ ኢኮኖሚስት በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ ጠረፍ፣ ሞባይል ስልክ ሲገባ በሰርዲን ዓሣ ገበያ ላይ ምን እንደተፈጠረ መዝግቦ በ2007 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ዓሣ አጥማጆቹ ገና ባሕር ላይ እያሉ እየደወሉ የትኛው ወደብ ዓሣ እንዳጠረው ይጠይቁና ወደዚያ ያመራሉ። ትርፋቸው በአማካይ 8 በመቶ ጨመረ፤ የሸማቹ ዋጋ ደግሞ በ4 በመቶ ወረደ፤ ሳይሸጥ ወደ ባሕር የሚጣለው ዓሣም ቀረ። ጥናቱ በየስብሰባው ተነሥቶ የሚያልቅ አይመስልም፤ እውነትም የሚያምር ነው። ነገር ግን የኬረላው ዓሣ አጥማጅ መቅዘፊያው በእጁ ነው። ዋጋ ሲሰማ ጀልባዋን ያዞራል። የይፋቱ ገበሬ ዋጋ ሲሰማ የሚያዞረው የለውም። ጌታው ታደሰና ጎድፍሬይ ባሂግዋ በኢትዮጵያ ገበሬዎች ላይ ሠርተው በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናትም የሚለው ለዚህ የቀረበ ነው፦ ስልክ በገበሬው እጅ መግባቱ ብቻውን በሚሸጥበት ዋጋ ላይ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አላመጣም።

አሁን ከመስኖው ማሳ ወጣ እንበልና ማሾ ወደሚዘራበት እንሂድ።

(ድምፅ፦ ደረቅ እህል በወንፊት ሲነፋ)

ተራኪ፦
ማሾ የቸኮለ ሰብል ነው። ከተዘራ ከ60 እስከ 75 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ዝናብ ለሚያጥርበት ቆላ የተፈጠረ ይመስላል። በአካባቢው ሹሮ ይሆናል፣ ንፍሮ ይሆናል፤ ዋናው ጉዞው ግን ወደ ውጭ ነው። ዋጋውን የሚወስኑት ሕንድና ኢንዶኔዢያን የመሳሰሉ አገሮች ገዢዎች ናቸው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ማሾ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ከቡና፣ ከሰሊጥ፣ ከነጭ ቦሎቄ፣ ከበቆሎና ከስንዴ ቀጥሎ በ2006 ዓ.ም ስድስተኛ ሆኖ ገባ።

ከዚያ በፊት የማሾ ዋጋ ሰብሳቢው አምጥቶ ማሾ የደረሰበት ቀበሌ ላይ የሚጥለው ቁጥር ነበር። ምርት ገበያ ሲገባ አሠራሩ ተለወጠ፦ ምርቱ መጋዘን ሲደርስ ናሙና ይወሰዳል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ባለቤቱ የመጋዘን ደረሰኝ ይይዛል። ግብይቱ አዲስ አበባ ላይ በመጀመሪያ በጩኸትና በእጅ ምት፣ በኋላ በኮምፒዩተር ይፈጸማል። ክፍያው በማግሥቱ በባንክ ነው። ዋጋው የተደበቀ አይደለም፦ በየከተማው በተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች ታየ፤ 929 ብሎ የደወለም በድምፅ ሰማው።

እውነቱን ለመናገር የአንድ ገበሬ ሁለት ሦስት ኩንታል ብቻዋን ምርት ገበያ መጋዘን አትደርስም። ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም አቅራቢ ነጋዴ ያስፈልጋታል፤ ሰብሳቢውም አልጠፋም። የተለወጠው ክርክሩ ነው። የዛሬውን የምርት ገበያ ዋጋ የሰማ ገበሬ ሰብሳቢው የሚጠራለት ዋጋ ካልጣመው «ይቆይ» ማለት ይችላል። ማሾው ደርቆ ጎታ ውስጥ ተቀምጧል፤ ነቀዝ እስካልገባበት ድረስ ለወራት ይቆያል። ያው ስልክ፣ ያው ገበሬ፣ ያው ቀበሌ። ልዩነቱ አንዱ ሰብል መቆየት የሚችል፣ ሌላው የማይችል መሆኑ ነው። ስለ ግብርና መረጃ የሚጻፉ ሰነዶች ስለ መጋዘን አንድ ገጽ ቢጨምሩ መልካም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ደላላው አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ምርት ገበያን የመሠረቱት ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ቀደም ሲል ያጠኑት የኢትዮጵያን የእህል ደላሎች ነበር። ደላላውን ብዙ ሰው እንደሚራገመው ሳይሆን፣ የማይተዋወቁ ሻጭና ገዢ በሚገናኙበት አገር ምን ሥራ እንደሚሠራ ነበር የመረመሩት። ደላላው መረጃና እምነት አቅራቢ ነው፤ ሁለቱንም ያስከፍላል።

(ድምፅ፦ የተቀዳ የስልክ መልእክት፣ የሴት ድምፅ፤ የቁልፍ ንክኪ)

ተራኪ፦
በዚያው በ2006 ዓ.ም የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ የዛሬው ኢንስቲትዩት፣ 8028ን ጀመረ። ገበሬው በነጻ ይደውላል፤ የሚፈልገውን ሰብል በቁጥር መርጦ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ አረምና ስለ ተባይ በቋንቋው ይሰማል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ የገባው ጥሪ በሚሊዮን ተቆጠረ። የስንዴ ዋግ ሲነሣና መጤ ተምች አገር ሲያዳርስ ማስጠንቀቂያው በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከማዕከሉ ወደ ገበሬው ስልክ ሄደ።

ይህ ሥራ የተሳካለት ማንበብን ስላልጠየቀ ነው። ይፋት ውስጥ የጽሑፍ መልእክት ሲገባ ስልኩ ከባለቤቱ እጅ ወደ ተማሪው ልጅ ይተላለፋል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ከሆነ መልእክቱ እሱ እስኪመለስ ይጠብቃል። ስልክ በቤቱ አንድ ብቻ ሲሆንም አባት ኪስ ውስጥ ነው የሚውለው፤ እርሻው ላይ እኩል የምትለፋው ሚስት 8028ን የምትሰማው እሱ ሲያቀብላት ነው።

የተቀዳ ድምፅ ግን መልሶ አይጠይቅም። «የእኔ ሽንኩርት ቅጠሉ ብር መስሏል፣ ምን ልርጭ?» ለሚል ሰው ወጣቶቹ ሌላ መንገድ አግኝተዋል። ተች ስልክ ያለው ልጅ የታመመውን ቅጠል ፎቶ አንሥቶ ከተማ ላለው የፀረ ተባይ ሻጭ በቴሌግራም ይልካል። መልስ በደቂቃ ይመጣል፦ የኬሚካሉ ስም፣ ዋጋው፣ «ለአንድ መርጫ ሞተር ይህን ያህል ክዳን»። ፍጥነቱ ያስደንቃል። ይሁንና የሚመክረው ሰው የሚሸጠውም ሰው ነው፤ «አትርጭ» ብሎ ሲመክር ብዙም አይሰማም። ቅጠሉን ብር ለሚያስመስለው ተባይ፣ ለትሪፕስ፣ ያንኑ መድኃኒት ደጋግሞ መርጨት ተባዩን እያለመደው እንደሚሄድ የልማት ሠራተኛው ያውቃል፤ ፎቶው ግን ለእሱ አልተላከም፤ ቢላክለትም የኢንተርኔት ጥቅል የሚገዛው ከራሱ ደመወዝ ነው።

(ድምፅ፦ የከተማ መንገድ፣ ባጃጅ፣ ገበያ)

ተራኪ፦
ገንዘቡስ? ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ሸዋ ሮቢት ከከፉ ቀናት ገና እየወጣች ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የአጣዬ ከተማ ስትቃጠል ሸዋ ሮቢትም ተጎድታለች፤ በኅዳር 2014 ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት እዚህ ድረስ መጣ። ከገበያ ሲመለስ ጥሬ ብር በኪሱ መያዝ የፈራ ነጋዴ «ቴሌብር አድርግልኝ» ማለትን ለመልመድ ማስታወቂያ አላስፈለገውም። ከግንቦት 2015 ጀምሮ ነዳጅ በመላ አገሪቱ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይሸጥ ሲባል ነገሩ ፓምፕ ወዳለው ገበሬም ደረሰ፤ ውሃ የሚያወጣው ሞተር ነዳጅ እንዲያገኝ ስልኩ ውስጥ ሒሳብ መኖር አለበት።

ከዚያ በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ዝግ ሆኖ የቆየው ለአንድ ዓመት ገደማ ነው። ቴሌግራሙ ቆመ፤ የቅጠሉ ፎቶ የትም አልሄደም፤ በአፕ የሚሠራ ሁሉ ተኛ። ያልተኛው ኢንተርኔት የማይፈልገው ነበር፦ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት *127# ብሎ ብር መላክ፣ *889# ብሎ የባንክ ሒሳብ ማየት፣ 8028፣ ተራ የስልክ ጥሪ። ኔትወርኩ ሲጠፋ ወይም መብራት ሲሄድ ባንክ ቤት በር ላይ የምትሰማዋን ቃል ሁላችንም እናውቃታለን፦ «ሲስተም የለም»። የሚጎዳው ነገ የሚነቅል ገበሬ ነው፤ የቀን ሠራተኛ ሲስተም እስኪመጣ አይጠብቅለትም።

ወደ ሽንኩርቱ እንመለስ፤ ዋናው ቁስል ያለው እሱ ላይ ነው። የሽንኩርት ገበሬ ዋጋ ባይሰማ ኖሮ የሚጎዳውን ያህል፣ ዋጋ ሰምቶም ይጎዳል። አንድ ዓመት ሽንኩርት ተወደደ፤ በየስልኩ ወሬው ተዳረሰ። በቀጣዩ ዓመት መስከረምና ጥቅምት ላይ ከጀውሃ ወንዝ እስከ ሮቢ ወንዝ ውሃ ያለው ሁሉ ችግኝ አፈላ፤ ሁሉም በኅዳር ተከለ፤ ሁሉም በየካቲትና በመጋቢት ነቀለ። ዋጋው ወደቀ። ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ብዙው ተወው፤ ዋጋው ሰማይ ወጣ። ስልኩ ወሬውን ስላፈጠነው ሰዉ ተሰብስቦ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድልበትም ፍጥነት ጨመረ።

ገበሬው በነቀላ ቀን ከሚሰማው ዋጋ ይልቅ የሚጠቅመው በችግኝ ጊዜ የሚሰማው ሌላ ቁጥር ነው፦ ዘንድሮ ጎረቤቴ ስንት ጥማድ አፈላ? የታችኛው ቀበሌስ? መቂስ? ይህ ቁጥር ደግሞ ተደብቆ የኖረ ምሥጢር አይደለም። የልማት ሠራተኛው በየቀበሌው የታረሰውን፣ በዘር የተሸፈነውንና የተተከለውን መሬት እየቆጠረ ይመዘግባል። መዝገቡ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ እዚያ ከሌሎች ጋር ተደምሮ የዕቅድ አፈጻጸም በመቶኛ ይሆናል። የተቆጠረው ማሳ ባለቤት ግን ድምሩን አይሰማም። በጥቅምት ወር 8028 ላይ አንድ ምርጫ ቢጨመርና «በወረዳዎ እስከ ዛሬ ለሽንኩርት ችግኝ የተዘጋጀው መሬት ይህን ያህል ሄክታር ነው፤ አምና በዚህ ጊዜ ይህን ያህል ነበር» የሚል ድምፅ ቢሰማ፣ ከገበሬዎቹ የተወሰኑት መሬታቸውን ከፍለው ግማሹን ማሾ ወይም ቲማቲም ያደርጉት ነበር። ለዚህ አዲስ አፕ አያስፈልግም። መስመሩ አለ፣ ቆጣሪው አለ፣ ስልኩም ፌስታል ውስጥ አለ። የቀረው ሪፖርቱን ወደ ታች የሚልክ ሰው ነው።

(ሙዚቃ፤ የፕሮግራሙ መዝጊያ)