የመኪና ብልሽት ዋስትና፦ የቱ ለማን ይሆናል?

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ታክሲ ወይም ኡበር እየነዱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ለእነሱ መኪና ቆመ ማለት ገቢ ቆመ ማለት ነው። የተለመደው የመኪና ኢንሹራንስ ግጭትና ስርቆትን እንጂ ካምቢዮ ሲበላሽ ያለውን ወጪ አይመለከትም። ይህን ክፍተት እንሸፍናለን የሚሉ አማራጮች ግን አሉ።

መነሻው ከአዲስ መኪና ጋር የሚመጣው የፋብሪካ ዋስትና ነው። ቶዮታ ለአጠቃላዩ መኪና 3 ዓመት ወይም 36 ሺህ ማይል፣ ለሞተርና ለካምቢዮ ደግሞ 5 ዓመት ወይም 60 ሺህ ማይል ይሰጣል፤ ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው ዋስትናውን ያበቃዋል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ መኪና ማይሉን የሚጨርሰው ዓመቱ ሳይደርስ ነው።

ሁለተኛው «ኤክስቴንድድ ዋራንቲ» እየተባለ የሚሸጠው የጥገና ውል ነው። የመኪናው አምራች ራሱ የሚሸጠው አለ፤ ሌላ ኩባንያ የሚሸጠውም አለ። ሌላ ኩባንያ በሚሸጠው ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ካርሺልድ የተባለው ታዋቂ ሻጭ ማስታወቂያው አሳሳች ነው ተብሎ ስለተከሰሰ፣ በ2024 ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ሦስተኛው አንዳንድ የኢንሹራንስ ድርጅቶች የሚሸጡት የብልሽት ኢንሹራንስ ነው። ክፍያው ከመደበኛው ኢንሹራንስ ጋር አብሮ ስለሚሄድ በፈለጉ ጊዜ ማቋረጥ ይቻላል። ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው ገና አዲስ ለሆነ መኪና መሆኑ ነው።

አራተኛው የራስን ገንዘብ በየወሩ ለጥገና ማስቀመጥ ነው። መኪናው ካልተበላሸ ገንዘቡ የባለቤቱ ሆኖ ይቀራል። ጉዳቱ፣ ሞተሩ በሦስተኛው ወር ቢቃጠል ቁጠባው አይደርስለትም።

ብዙዎች የጥገና ውሉን የሚፈርሙት መኪናውን በሚገዙበት ዕለት፣ ዲለሩ ቢሮ ውስጥ ነው። ሻጩ የሚነግረው የወሩን ክፍያ ነው፦ «45 ዶላር ብቻ!» የ2,500 ዶላር ውል በ9 በመቶ ወለድ የ6 ዓመት ብድር ውስጥ ሲገባ ግን በድምሩ ከ3,200 ዶላር በላይ ይከፈልበታል። የፋብሪካው ዋስትና ገና ሳያልቅ ይህን መሸከም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት ውሉ የማይሸፍናቸውን ነገሮች የሚዘረዝረውን ገጽ አንብቡ። የፍሬን ሸራና ጎማ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈኑም። ዘይት በወቅቱ መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ የሌለው ሰው ጥያቄው ውድቅ ሊሆንበት ይችላል። ከሁሉም የሚከፋው፣ ብዙ ውሎች ለንግድ የሚያገለግልን መኪና አለመሸፈናቸው ነው። ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ይህን ሳያውቅ ከፈረመ፣ ለዓመታት የከፈለበት ወረቀት በቸገረው ቀን አይጠቅመውም። «ኡበር እየሠራሁበት ይሸፍናል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ተጽፎ ካላያችሁ አትፈርሙ።