ከሻጋታው በፊት ውኃው

ነሐሴ ሲጋመስ በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች ቁም ሳጥን ሲከፈት የታፈነ ሽታ ይወጣል። ከአልጋው ጀርባ ያለው ግድግዳ ጥቋቁር ነጠብጣብ ያወጣል፤ ለበዓል የተቀመጠ የቆዳ ጫማ ነጭ ሻጋታ ይለብሳል። ክረምቱ ሲወጣ ግድግዳው በበረኪና ይታጠባል፤ አቅም ካለም ለእንቁጣጣሽ ቀለም ይቀባል። በሚቀጥለው ሐምሌ ግን ነጠብጣቡ እዚያው ቦታ ላይ ይመለሳል። የታጠበው ሻጋታው ነው እንጂ ሻጋታውን ያበቀለው ውኃ አልተነካም።

ሻጋታ ፈንገስ ነው። በዓይን የማይታየው ዘሩ በንጹሕ ቤት አየር ውስጥ እንኳ አይጠፋም። ምግብም አይቸግረውም፤ እንጨት፣ ካርቶን፣ ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ቀለም ላይ ያረፈ አቧራ ይበቃዋል። የሚጠብቀው እርጥበት ብቻ ነው። የራሰ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከደረቀ አብዛኛውን ጊዜ አይሻግትም። ስለዚህ ቤቱ የሻገተበት ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው “ይህ ውኃ ከየት መጣ?” ብሎ ነው።

ውኃው ከየት ይመጣል?

መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው እኛው የምናወጣው እንፋሎት ነው። እንጀራ የሚጋግር ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ሳይበርድ የተከደነ እንጀራ ያልበዋል፣ ያላበው እንጀራ ደግሞ ቶሎ ይሻግታል። ቤትም እንዲሁ ነው። ወጥ ሲሠራ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ፣ ቤተሰቡ በአንድ ክፍል ተኝቶ ሲተነፍስ እንፋሎቱ አየሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ሞቃት አየር ይሸከመዋል፤ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ግን ውኃ አድርጎ ይተወዋል። የአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ይበርዳል፤ የብሎኬት ግድግዳም ያንን ብርድ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ሻጋታው በውጭ ግድግዳ ማዕዘን፣ ከቁም ሳጥን ጀርባና መሬት ላይ ከተነጠፈ ፍራሽ ሥር የሚጀምረው አየር እዚያ ስለማይዘዋወር ነው።

ሁለተኛው ከውጭ ወይም ከቧንቧ የሚገባ ውኃ ነው፦ የተበሳ ቆርቆሮ፣ በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ፣ ከላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት የሚሰርግ ፍሳሽ፣ ከመሬት ወደ ግድግዳ የሚወጣ እርጥበት።

ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ ቀላል ምርመራ አለ። የረጠበውን ቦታ ላዩን ጠርጋችሁ አድርቁና ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉበት። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ የውኃ ጠብታ ወደ ክፍሉ ባለው የላስቲኩ ገጽ ላይ ከታየ ችግሩ የቤቱ እንፋሎት ነው። ላስቲኩና ግድግዳው መካከል ከታየ ውኃው በግድግዳው በኩል እየመጣ ነው። የአየር እርጥበት መለኪያ ማግኘት ከቻላችሁም ንባቡ ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ ባለው መካከል እንዲሆን ጣሩ።

የአየር ናሙና ወስዶ ላቦራቶሪ መላክስ? አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሻጋታ መመርመሪያ ዕቃ ከመደብር መግዛት ይችላሉ። ነገር ግን የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ራሱ ሻጋታው በዓይን ከታየ ብዙውን ጊዜ ናሙና እንደማያስፈልግ ይመክራል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለጤና “ይህን ያህል ሻጋታ አይጎዳም” የሚል የቁጥር ገደብ ማስቀመጥ አልቻለም፤ ምክሩ እርጥበቱን መከላከልና ማስወገድ ነው። ቀለሙም አያታልላችሁ፤ ጥቁርም ሆነ አረንጓዴ፣ መወገድ አለበት።

የሰው ነገር

እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት አስምን ያባብሳል፤ ሳልና አለርጂንም ያስከትላል። በእንግሊዟ ሮችዴል ከሱዳናውያን ወላጆች የተወለደው የሁለት ዓመቱ ሕፃን አዋብ ኢሻቅ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሞቱን ምክንያት ያጣራችው ባለሥልጣን፣ ለሞቱ ያበቃው የመተንፈሻ አካል ሕመም በቤቱ ሻጋታ ለረጅም ጊዜ በመጋለጡ የመጣ መሆኑን አረጋገጠች። አባቱ ስለ ሻጋታው ሲያመለክት ቀለም እንዲቀባበት ተነግሮት ነበር። ዛሬ በእንግሊዝ የማኅበራዊ ቤቶች አከራዮች እርጥበትንና ሻጋታን በተወሰነ ጊዜ እንዲጠግኑ የሚያስገድደው ሕግ በሕፃኑ ስም ይጠራል። ሻጋታ ላይ ቀለም መቀባት ጥገና አይደለም።

ምን እናድርግ?

ውኃው ከቆመ በኋላ ማጽዳቱ ይቀላል። ሻጋታው ከአንድ ካሬ ሜትር ካነሰ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ፤ ከሰፋ ወይም የፍሳሽ ውኃ ከነካው ባለሙያ ጥሩ። አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። ደረቁን መጥረግ ዘሩን ስለሚበትነው በሳሙናና በውኃ እሹትና በደንብ አድርቁ። በውስጡ የሻገተ ፍራሽ፣ ካርቶን ወይም ችፑድ ኮርኒስ ስለማይጸዳ ይጣል። በረኪናን ከአሲድ፣ ከአቼቶ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

እንፋሎቱን ለማስወጣት ጠዋትና ከምግብ ሥራ በኋላ ትይዩ መስኮቶችን ለጥቂት ደቂቃ ክፈቱ። ንፋስ ይመታናል ብላችሁ ከሰጋችሁ ልጆቹን ሌላ ክፍል አስገብታችሁ ክፈቱ። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፤ የምትፈላ ድስት ክደኑ።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አይደረግ፦ የረጠበ ክፍልን ለማድረቅ ወይም ለማሞቅ ከሰል አንድዶ መዝጋት። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ቤተሰብ ሳይነቃ ይገድላል። ፍሙ አመድ ለብሶ ጭሱ ቢጠፋም መርዙ አልጠፋም።

ተከራይ ጣሪያውን በራሱ ሊቀይር አይችልም፤ የኮንዶሚኒየም ነዋሪም የጋራውን ቧንቧ ብቻውን አይጠግንም። ስለዚህ የረጠበውን ቦታ ፎቶ አንሥታችሁ፣ ከነቀኑ መዝግባችሁ ለአከራይ ወይም ለኮሚቴው በጽሑፍ አሳውቁ። ጥገናው የሚያምረው በግንቦት፣ ጣሪያው ሳይርስ ነው። ለቀለም የታሰበው ገንዘብ አስቀድሞ ለአሸንዳውና ለቆርቆሮው ይዋል፤ ቀለሙ መስከረም ላይ በደረቀ ግድግዳ ይቀባል።