የሞንቴ ክሪስቶ በቀልና የጉራጌው አፈርሳታ

ኤድሞንድ ዳንቴስ ምንም አላጠፋም። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የመርከብ አዛዥነት ሹመት በእጁ ሊገባ፣ የሚወዳትን መርሴዲስን ሊያገባ ተቃርቧል። ሹመቱን የተመቀኘው ዳንግላርና ልጅቷን የተመኘው ፈርናንድ በሐሰት ደብዳቤ ወነጀሉት። ዐቃቤ ሕጉ ቪልፎርም የገዛ አባቱ ምስጢር እንዳይወጣ ሲል ንጹሑን ሰው ያለ ፍርድ በባሕር መካከል ባለ እስር ቤት ወረወረው። ዳንቴስ 14 ዓመት ታሰረ። ከጎኑ ያለ አንድ አረጋዊ ቄስ ቋንቋና ሳይንስ አስተማሩት፤ የተደበቀ ሀብት ያለበትንም ደሴት ነገሩት። ቄሱ ሲሞቱ በአስከሬናቸው ፈንታ ከረጢት ውስጥ ገብቶ አመለጠ፤ ከዚያም «የሞንቴ ክሪስቶ ኮንት» ተብሎ፣ ማንም ሳያውቀው ሊበቀል ተመለሰ።

የፈረንሳዩ አሌክሳንደር ዱማ ይህን ልቦለድ እ.ኤ.አ. ከ1844 እስከ 1846 በጋዜጣ ላይ በተከታታይ አወጣው። ዛሬ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን «ነገ ምን ይሆን?» የምንልበትን ልማድ ካሠለጠኑን ሥራዎች አንዱ ነው። መነሻው እውነተኛ ነገር እንደሆነ ይነገራል፤ በፓሪስ ፖሊስ መዛግብት ላይ የሠራ ጸሐፊ ስለ አንድ በሐሰት ስለ ተወነጀለ ጫማ ሠሪ ያሰፈረውን ታሪክ ዱማ አንብቦታል። ለደራሲው ግን የእስር ቤቱ ነገር ከቤቱም የራቀ አልነበረም። አባቱ ጄኔራል ዱማ በሄይቲ ምድር ከአፍሪካዊት ባሪያ እናት የተወለዱ ሲሆኑ፣ በጣሊያን ሁለት ዓመት ገደማ ታስረው ጤናቸውን አጥተው ነው የተመለሱት።

ፊልም ሠሪዎች ይህን መጽሐፍ ተመላልሰውበታል። የ1934ቱ የሮበርት ዶናት፣ የ1975ቱ የሪቻርድ ቻምበርሌይን፣ የ1998ቱ የዤራር ዴፓርዲዩ፣ የ2002ቱ የጂም ካቪዜል ይጠቀሳሉ። በ2024 ፒዬር ኒኔ የተወነበት ሦስት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ፊልም በፈረንሳይ ብቻ ከ9 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አግኝቷል። ቱርኮችም ከ2009 እስከ 2011 «ኤዜል» በተባለ ተከታታይ ድራማ ታሪኩን ወደ ኢስታንቡል አምጥተውታል፤ በጓደኞቹና በፍቅረኛው ተከድቶ የታሰረ ወጣት ፊቱን ለውጦ ይመለሳል። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ የለመደ ቤተሰብ፣ ይህን አካሄድ ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ፊልሞቹ የሚያሳጥሩት ነገር ብዙ ነው፤ አንድ ሺህ ገጽ ያለፈ መጽሐፍ ሌላ ምን ይደረጋል? አንዱ ቅነሳ ግን ታሪኩን ሌላ ያደርገዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ዳንቴስ ቪልፎርን ሲበቀል የሰውየው ሚስት መርዝ የምታውቅ ሴት እንድትሆን መንገድ ይከፍታል። ሴትዮዋ ስትጋለጥ ራሷን ታጠፋለች፤ ትንሹን ልጇን ኤድዋርንም ይዛው ትሄዳለች። ዳንቴስ የሕፃኑን ሬሳ ሲያይ ይደነግጣል። እስከዚያ ሰዓት ድረስ እግዚአብሔር የላከኝ ፈራጅ ነኝ ብሎ ያምን ነበር፤ አሁን ከልኩ ማለፉ ይገባዋል። መጨረሻ ላይ ዳንግላርን በረኃብ ከቀጣው በኋላ የሚምረው በዚህ ምክንያት ነው። ከመርሴዲስ ጋርም አይታረቅም፤ ይለያያሉ።

የ2002ቱ ፊልም ይህን ሁሉ ትቶታል። የሞተ ሕፃን የለም፤ ፈርናንድ በሰይፍ ይወድቃል፤ መርሴዲስ ትመለሳለች፤ ልጇም የራሱ የዳንቴስ ሆኖ ይገኛል። በ1934ቱም ፍቅረኞቹ ይገናኛሉ። ሲያዩት ደስ ይላል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነው ያየሁት። የ2024ቱ ከእነዚህ ይሻላል፤ ዳንቴስ የበቀሉ መሣሪያ አድርጎ ያሳደገው ወጣት ሕይወቱን ያጣል፤ ሂሳቡ ለተመልካች ይቀርባል።

በቀል ሲነሣ ያልበደለው ሰው የሚከፍለው ዕዳ በእኛም አገር የተጻፈበት ልቦለድ አለ፤ የተወለደውም በጉራጌ ምድር ነው። ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ አታትን፣ የታወቀውን የካቶሊክ ሆስፒታል አልፈው ጥቂት ሲቀጥሉ እምድብር ይደርሳሉ። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በዚያ ባለው የካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው የተማሩት። በቸሃ ጉራግኛ የጻፉት የመንደር ሕይወት ታሪክ በዎልፍ ሌስላው ተተርጉሞ በ1964 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታተመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በእንግሊዝኛ የጻፉት «አፈርሳታ» ታዋቂው የሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ውስጥ ገባ።

ነገሩ የሚጀምረው በቃጠሎ ነው። ውድማ በተባለች መንደር የናማጋ ጎጆ በእሳት ይጋያል። የሳር ክዳን ጎጆዎች በጀፎሮው ዳርና ዳር ተደርድረው፣ ጓሮአቸው እንሰት በሆነበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንዱ ቤት ላይ የተለኮሰ እሳት የሁሉም ሥጋት ነው። «ማን ቂም ያዘበት?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሣል። ዳንቴስ ቢሆን ጠላቱን ለብቻው ፈልጎ ያድናል። የናማጋ ጎረቤቶች ግን መጀመሪያ ቤቱን ይሠሩለታል፤ ቀጥሎ አገሩ ሁሉ ለአፈርሳታ ይሰበሰባል።

አፈርሳታን አያቶቻችን ያውቁታል፤ በሌላም አገር አውጫጭኝ ይባላል። ወንጀለኛው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰብና በየተራ ይምላል። የሰማውን በፊት ለፊት መናገር የሚፈራ ሰው ወሬውን በምስጢር ያደርሳል፤ ይህ ወሬ አቀባይ «ወፍ» ነው። ወንጀለኛው ካልወጣ የጠፋውን ንብረት ዋጋ ሕዝቡ ተከፋፍሎ ይከፍላል። ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሳውን ስለሚያገኝ ጦር ይዞ ጎረቤቱን የሚያሳድድበት ምክንያት ይቀንሳል።

የሣህለ ሥላሴ ልቦለድ የሚያጓጓው እዚህ ላይ ነው። ስብሰባው ይጠራል፣ ይደገማል፤ አንባቢው ስሙን የሚሰማበትን ገጽ ይጠብቃል። ያቃጠለው ሰው ግን አይገኝም። ዕዳው በሁሉም ላይ ያርፋል። መርማሪ ልቦለድ የለመደ ሰው ተታለልሁ ሊል ይችላል፤ ለእኔ ግን ከዱማ የማያንስ ድፍረት አለው። ደራሲው አፈርሳታን አላሞገሱትም። ሥራውን ፈትቶ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ የሚውለው ገበሬ፣ ምንም ሳያውቅ ካሳ የሚያዋጣው ድኻ፣ እነዚህም በዳይ ሳይሆኑ ይከፍላሉ። የሚከፍሉት ግን በገንዘብ ነው እንጂ በልጅ ሬሳ አይደለም።

የደምን ነገር በስክሪን ያየንበት አንድ የቆየ ሥራ አለን፤ በ1960ዎቹ ሚሼል ፓፓታኪስ የሠራው «ጉማ»። ጓደኛውን ሳያስብ የገደለ ሰው በኦሮሞ ባህል መሠረት የደም ካሳውን ለማሟላት ሰንሰለት ታስሮ እየዞረ ይለምናል። ዛሬ በየዓመቱ የሚሰጠው የጉማ ፊልም ሽልማት ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

«አፈርሳታ»ን የሚደፍር ፊልም ሠሪ ከተገኘ ፈተናው ከሌላው ይከብዳል። የሚያሳየው ሰይፍ የለም፤ የሚያሳየው ፊት ነው። ያቃጠለው ሰው ከመካከላቸው ከሆነ እንደ ሌላው ቆሞ ይምላል፣ ድርሻውንም ቆጥሮ ያዋጣል። ካሜራው ከፊት ወደ ፊት ሲያልፍ ተመልካቹ የቱ ላይ እንደሚያቆም አያውቅም።

እስከዚያው ከልጆች ጋር ለመመልከት የ2002ቱ ሞንቴ ክሪስቶ ይቀላል። ከፍ ላሉት የ2024ቱን ያሳዩአቸው፤ ርዝመቱ እንዳያስፈራችሁ፣ በሁለት ማታ ይከፈላል። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ግን የትንሹን ኤድዋርን ነገር ከመጽሐፉ ንገሯቸው።