ተጨማሪ መረጃ፦ የሕመም ግምገማና ፍትሐዊነት

ሕመምን እንደ ደም ግፊት የሚለካ መሣሪያ ስለሌለ ዋናው ማስረጃ የታካሚው ቃል ነው፤ ይሁንና የሁሉም ታካሚ ቃል እኩል አይታመንም። የአሜሪካው ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ222 ነጭ የሕክምና ተማሪዎችና ሬዚደንት ሐኪሞች ግማሽ ያህሉ «የጥቁሮች ቆዳ ከነጮች ይወፍራል» ከመሳሰሉ የተሳሳቱ እምነቶች ቢያንስ አንዱን ተቀብለዋል። እነዚህን እምነቶች የተቀበሉት ተሳታፊዎች በቀረበላቸው ምናባዊ የሕክምና ታሪክ የጥቁሩን ታካሚ ሕመም ከነጩ ታካሚ ዝቅ አድርገው ገምተዋል፤ የመረጡለትም ሕክምና ትክክለኛነቱ ያነሰ ነበር። «ስህተቱ በሥራ ልምድ ይታረማል» የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ሥራ ላይ ያሉ ሬዚደንቶችም ከእምነቱ ነፃ አለመሆናቸው ልምድ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። ስለዚህ የጤና ሳይንስ ኮሌጆች የሕመም ግምገማን ከፍትሐዊነት ጋር አያይዘው ማስተማርም መፈተንም አለባቸው።