ሚስማር የሚያጥፍ እጅ፦ በቱሉ ዲምቱ ግንባታዎች የብረት ማጠፍ ሥራና የእጅ ጥበቃ

ቱሉ ዲምቱ በአፋን ኦሮሞ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው ይህ አካባቢ ዛሬ የሚታወቀው ግን በኮረብታው አይደለም። በ2007 ዓ.ም. ለአገልግሎት የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መነሻው እዚህ ነው፤ ሰፊ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሰፈርም እዚሁ ቆሟል። እያንዳንዱ ሕንፃ ከመቆሙ በፊት ብረቱ በሰው እጅ ተቆርጧል፣ ታጥፏል፣ ታስሯል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን እጅ ነው።

የሙያው ቃላት ከየት እንደ መጡ ለመገመት አያዳግትም። ብረቱ ፌሮ ነው፤ የሚያጥፈውና የሚያስረው ባለሙያ ፌራዮ ይባላል፤ ዓምዱንና ወራጁን እንደ ቀለበት የሚከብበው ታጣፊ ብረት ስታፋ ነው፤ የማሰሪያ ሽቦው በፒንሳ ይጠመዘዛል። አራቱም ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ከፌራዮው ጎን ደግሞ ስም ያልወጣለት ሌላ ሠራተኛ አለ። ኮንክሪት የተሞላበት ሳንቃ ሲፈታ ከእንጨቱ የሚነቀሉትን የተጣመሙ ሚስማሮች ሰብስቦ፣ በድንጋይ ወይም በብረት ቁራጭ ላይ አስደግፎ በመዶሻ የሚያቀና የቀን ሠራተኛ ነው። የሚስማር ዋጋ በጨመረ ቁጥር ይህ ሥራ ይበዛል፤ ሊቀና ያልቻለው ለቆራሌው ይሸጣል።

በዕረፍት ሰዓት «ይህን ሚስማር በእጅህ ታጥፈዋለህ?» ብለው ውርርድ የሚገጥሙ ወጣቶች በእንዲህ ያሉ ቦታዎች አይጠፉም። ነገሩ እንደ ቀልድ ቢታይም በሌላው ዓለም ሥርዓት ያለው የጉልበት ትርኢት ነው። በፖላንድ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ጆ ግሪንስታይን (1893–1977) ብረት በማጠፍና ሰንሰለት በመበጠስ ዝናን አትርፏል። በዘመናችንም በዚህ ትርኢት የታወቀው መለኪያ 17.8 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 8 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ድፍን የብረት ዘንግ ነው። ተመልካቹ አብዛኛውን ጊዜ ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ፤ በባዶ እጅ አጠፈ የሚባለው ሰው እጁ ባዶ አይደለም። የብረቱ ሁለት ጫፎች በወፍራም ጨርቅ ወይም በቆዳ ተጠቅልለዋል። ይህን የሚያደርገው ብርቱ ስላልሆነ አይደለም፤ ብርታቱን ወደ ብረቱ የሚያስተላልፈው መዳፉ ሳይቀደድ እንዲቆይለት ነው።

የዚህን ምክንያት በስሌት ማየት ይጠቅማል። 15 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእንጨት ሚስማር እንውሰድ። የሚስማር ሽቦ ሳይሞቅ እየተሳበ ስለሚሠራ ከተራ ብረት ይጠነክራል፤ ቅርጹን ለዘለቄታው መለወጥ የሚጀምረው በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 600 ኒውተን ያህል ሲያርፍበት ነው እንበል። ክብ ዘንግን ለማጠፍ የሚያስፈልገው ሞመንት የሚገኘው ይህን ጥንካሬ በውፍረቱ ሣልሳይ ኃይል (ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ) አባዝቶ ለ6 በማካፈል ነው። ውጤቱ 21.6 ኒውተን ሜትር ይሆናል። በእያንዳንዱ ጭብጥ ውስጥ ብረቱ እጅን የሚጫንባቸው ሁለት ነጥቦች በ6 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሚያርፈው 360 ኒውተን፣ ማለትም የ37 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው።

37 ኪሎ ጤፍ በትከሻ መሸከም ለብዙዎች የሚከብድ አይደለም። እዚህ ግን ክብደቱ የሚያርፈው በትከሻ ላይ ሳይሆን 6 ሚሊ ሜትር ስፋትና 10 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባላት የመዳፍ ቁራጭ ላይ ነው። ይህ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር 61 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ያንኑ ጫፍ በቆዳ ጠቅልለን ጭነቱን በ3 በ3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላይ ብንዘረጋው ግፊቱ ወደ 4 ኪሎ ይወርዳል። ሰውዬው አልበረታም፤ ሚስማሩም አልላላም። የተለወጠው ጭነቱ ያረፈበት ስፋት ብቻ ነው፤ እጁ ግን ከጉዳት ድኗል።

መጠቅለያው ሌላም ሥራ አለው። ከብረቱ ጫፍ አልፎ የሚወጣ ጠንካራ ጥቅል ብረቱን እንደ ማስረዘም ይቆጠራል፤ መፈንቅሉ ሲረዝም የሚያስፈልገው ኃይል ይቀንሳልና። በጉልበት ትርኢት ዓለም የመጠቅለያው ዓይነትና መጠን ራሱ ደንብ የወጣለት በዚህ ምክንያት ነው። ለውድድር ተመልካች ይህ ማጭበርበር ሊመስል ይችላል፤ ለሠራተኛ ግን ማጭበርበር የሚባል ነገር የለም፣ የሚፈለገው ብረቱ እንዲታጠፍ እንጂ ጀግና እንዲገኝ አይደለምና።

ወደ ፌራዮው እንመለስ። የእርሱ ሥራ በመሠረቱ ያው የሚስማሩ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ መፈንቅል መጠቀሙ ነው። በሳንቃ ላይ የተተከሉ አጫጭር ብረቶች ፌሮውን አግደው ይይዙታል፣ እርሱ በማጠፊያው ይጎትተዋል። ጥንካሬው በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 400 ኒውተን የሆነ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ ለመታጠፍ 34 ኒውተን ሜትር ያህል ይጠይቃል፤ የማጠፊያው እጀታ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ እጁ የሚያወጣው ኃይል 6 ኪሎ ገደማ ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ግን 115 ኒውተን ሜትር፣ በዚያው እጀታ 20 ኪሎ ገደማ ይጠይቃል። ውፍረቱ በግማሽ ሲጨምር ጉልበቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። እጀታው ተሰብሮ ወይም በሌላ ተተክቶ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ካጠረ ደግሞ 39 ኪሎ ይደርሳል። አንድ አራት ማዕዘን ስታፋ ሁለቱን ጫፎች ጨምሮ አምስት ቦታ ይታጠፋል፤ በቀን 200 ስታፋ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ተግባር 1000 ጊዜ ይደጋግማል። የትርኢቱ ሰው አንድ ሚስማር አጥፎ ይጨበጨብለታል፣ ከዚያም ለቀናት እጁን ያሳርፋል።

እጀታውን በቱቦ ማስረዘም በየሳይቱ የተለመደ መላ ነው፤ መላውም ትክክለኛ ነው። አደጋው ቱቦው ልል ሲሆን ነው። ብረቱ መታጠፍ በጀመረበት ቅጽበት ቱቦው ከሾለከ በሰውነት ክብደት የተገፋው ጭብጥ ከሳንቃው ወይም ከተተከሉት ብረቶች ጋር ይላተማል። ስለዚህ ቱቦው በእጀታው ላይ ቢያንስ አንድ መዳፍ ያህል ጠልቆ መግባት፣ ከመጎተቱ በፊትም በቀስታ ተፈትኖ መጨበጥ አለበት። ወደ ራስ መሳብ ከመግፋት ይመረጣል፤ የሚስብ ሰው መሣሪያው ቢያመልጠው የሚያፈገፍግበት ቦታ አለው፣ የሚገፋ ሰው ግን በፊቱ ያለው ብረት ብቻ ነው።

በመዳፍ ውስጥ የሚጎዳውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ውሃ የቋጠረ እጅ ወይም የሻከረ ቆዳ ለዓይን ይታያል፤ ይድናልም። ከባዱ የማይታየው ነው። ከትንሿ ጣት በኩል፣ ከእጅ አንጓ ከፍ ብሎ ባለው የመዳፍ ተረከዝ ውስጥ አንድ ነርቭና አንድ ደም ቅዳ ቧንቧ በትንሽ አጥንት ጎን ያልፋሉ። በላያቸው ያለው ሽፋን ስስ ነው። መዳፉን እንደ መዶሻ የሚጠቀም፣ ማጠፊያውን በመዳፍ ተረከዝ እየመታ የሚያስገባ ወይም የሚስማርን ጫፍ እዚያው ቦታ ላይ የሚያስደግፍ ሰው ይህን ቧንቧ በተደጋጋሚ ያቆስለዋል። በጊዜ ብዛት ደም ሊረጋበት፣ ትንሿ ጣትና አጠገቧ ያለችው ጣት ሊቀዘቅዙ፣ ሊነጡና ሊደነዝዙ ይችላሉ። በመዳፉ መካከል ወደ አውራ ጣት፣ ወደ ሌባ ጣትና ወደ መካከለኛዋ ጣት የሚያልፈው ነርቭ ደግሞ እጅ ከአንጓው ታጥፎ ለረጅም ጊዜ ሲጨብጥ ይጨመቃል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ መደንዘዝ የተለመደ ምልክቱ ነው፤ ብዙ ሠራተኛ ግን ብርድ ነው ብሎ ያልፈዋል። መከላከያው ቀላል ነው፦ በማጠፍ ጊዜ አንጓውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ለመምታት መዶሻ መጠቀም፣ የሚጫነውንም ነገር ከመዳፍ ተረከዝ ማራቅ።

ብረቱም የራሱ ጠባይ አለው። የኮንክሪት ሚስማር በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ በመሆኑ ከመታጠፍ ይልቅ መሰበር ይቀናዋል፤ ስባሪውም እንደ ጥይት ሊፈናጠር ይችላል። ስለዚህ በእጅም በመዶሻም ለማጠፍ ወይም ለማቅናት መሞከር አይገባም። ተራው ሚስማር ደግሞ በታጠፈና በቀና ቁጥር በዚያው ቦታ ላይ ይጠነክራል፣ ይደርቃልም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ የቀና ሚስማር ሲመታ ድንገት የሚሰበረው ለዚህ ነው። በፍጥነት የታጠፈ ብረት በመታጠፊያው ላይ እንደሚሞቅም መዘንጋት የለበትም፤ ያወጣነው ጉልበት አብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣልና። ሚስማር የሚያቀናው ሠራተኛ ሚስማሩን በሁለት ጣት ይዞ ከሚመታው በፒንሳ ወይም በጉጠት ቢይዘው፣ መዶሻው ቢስት እንኳ የሚያገኘው ጣትን ሳይሆን መሣሪያውን ይሆናል።

ጓንትን በተመለከተ የተለመደው ምክር «ጓንት አድርጉ» ብሎ ያበቃል። ይህ በቂ አይመስለኝም። በጣም የወፈረ ጓንት የመጨበጥ ኃይልን ስለሚቀንስ ሠራተኛው ይበልጥ አጥብቆ እንዲጨብጥ፣ ቶሎም እንዲደክም ያደርገዋል፤ ስለዚህ አውልቆ ቢጥለው አያስገርምም። ለፌሮ የሚሻለው መዳፉ ቆዳ የሆነ ወይም ጎማ የተቀባ፣ በልክ የሆነ ጓንት ነው። ስስ የጥጥ ጓንት ከመላላጥ ያድናል እንጂ የፌሮን ሹል ጫፍ አያግድም። በሞተር የሚዞር መቁረጫ ወይም ማጠፊያ ፊት ግን ጓንት ራሱ አደጋ ነው፤ የሚዞረው አካል ጨርቁን ከያዘው እጁንም አብሮ ይስባል። ሌላው የሚዘነጋው ሲሚንቶ ነው። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን የሚበላ ኬሚካላዊ ጠባይ ስላለው፣ ጠዋት ኮንክሪት ሲያቦካ የዋለ እጅ ከሰዓት በኋላ ብረት ሲይዝ በቀላሉ ይሰነጠቃል። በሥራ መካከል እጅን በንጹሕ ውሃ መታጠብና ማታ ቅባት ወይም ቫዝሊን መቀባት ከጓንቱ ያላነሰ ዋጋ አለው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደኅንነት የመጠበቅና የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታን በአሠሪው ላይ ይጥላል። ይሁን እንጂ የፌሮ ሥራ ብዙውን ጊዜ በእጅ ዋጋ ኮንትራት፣ በኪሎ እየታሰበ ለትንሽ ቡድን ይሰጣል። የሕንፃው ተቋራጭ ፌራዮውን የቡድኑ ሰው ነው ይለዋል፤ የቡድኑ መሪ ደግሞ ራሱ ሠራተኛ ነው። ጓንቱን ማን ይግዛ የሚለው ጥያቄ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ክፍያው በኪሎ በመሆኑም ቆም ብሎ ቱቦን ማጥበቅ ወይም እጅን መታጠብ ከራስ ኪስ የሚወጣ ጊዜ ነው። ኮንትራቱ ሲጻፍ የጓንት ወጪ ለብቻው በአንድ መስመር ቢሰፍር ክርክሩ ገና ከመነሻው ይዘጋል፤ ዋጋውም ከፌሮው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

በመጨረሻ የሚነሣው መወጋት ነው። ከሚስማር ሥራ በእርግጥ ለሕይወት የሚያሰጋው እርሱ ነውና። መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) የሚመጣው ከዝገቱ ነው የሚለው እምነት የተስፋፋ ቢሆንም ምክንያቱ ሌላ ነው። ባክቴሪያው የሚኖረው በአፈርና በእበት ውስጥ ነው፤ የሚራባውም አየር በማይደርስበት ጥልቅ ቁስል ውስጥ ነው። አፈር የነካው አዲስ ሚስማር ከዛገው እኩል ያሰጋል። አፉ ጠባብ ሆኖ ጥልቀት ያለው ቁስል ብዙ ስለማይደማ ይናቃል፤ ቡና ነስንሶ መጠቅለል ደግሞ ቆሻሻውን በውስጡ ይዘጋዋል። መደረግ ያለበት ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ደኅና አድርጎ ማጠብ፣ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። በአገራችን የቴታነስ ክትባት ለረጅም ጊዜ ያተኮረው በሕፃናትና በመውለጃ ዕድሜ ላይ ባሉ ሴቶች ላይ ስለ ነበረ፣ ከገጠር ለሥራ የመጣ ጎልማሳ ወንድ ጨርሶ ያልተከተበ ሊሆን ይችላል። የተከተበም ቢሆን የቆሸሸ ቁስል ከገጠመውና የመጨረሻውን ክትባት ከወሰደ አምስት ዓመት ካለፈው ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል። የበሽታው ምልክት ብዙውን ጊዜ ከተወጋ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል፤ በዚያን ጊዜ የቀን ሠራተኛው ሌላ ሳይት፣ ምናልባትም ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል። ክትባቱ በተወጋበት ዕለት መወሰድ፣ የተከተበበት ወረቀትም ከመታወቂያው ጋር አብሮት መዞር ያለበት ስለዚህ ነው።